መሬት በገመድ፣ መሣሪያ በአየር

ሰንበቴ እንደ ስሟ ቀኗ እሑድ ነው። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶብስ ጥሩንባውን እየነፋ በግመልና በአህያ መካከል መንገድ ይለምናል። አፋሩ ጊሌውን ታጥቆ፣ ፍየሉን ነድቶ ከቆላ ይመጣል። የጅሌው ኦሮሞ ማሽላና ማሾ ጭኖ፣ አርጎባው የሸመነውን ይዞ፣ አማራው ከደጋ ገብስና ባቄላ አውርዶ እዚያው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ከእህል ተራው ወረድ ሲባል የቃጫ ገመድ የሚሸጡ ሰዎች ተርታ አለ። ከእነሱ አንዱ ሰማንያን የተጠጉ፣ በ1969 ዓ.ም. በሚሊሺያነት ዘምተው የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው።

አንድ እሑድ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ «አባባ፣ ካራማራ ላይ ሶማሊያን ያሸነፈው ማን ነው? ሩሲያ ናት? ኩባ ናት?» ስል ጠየቅኳቸው። ቶሎ አልመለሱልኝም። ከፊታቸው ከተጠቀለለው ገመድ ጫፉን ስበው ከክርናቸው እስከ ጣታቸው ጫፍ እየለኩ መቁጠር ጀመሩ። በቀበሌያቸው መሬት የተደለደለው በገመድ ነበር። ገመዱ ስንት ክንድ እንደነበረ፣ ከማን ማሳ እንደተጀመረ፣ የወሰኑ ድንጋይ የት የት እንደተተከለ አንድም ሳያስቀሩ ነገሩኝ። ታጠቅ ጦር ሰፈር የገቡበትን ቀን ግን አያስታውሱትም።

ጥያቄዬን የመለሱልኝ እንደዚያ ነው። እኔም እያደር ሳስበው ትክክል ሆነው አገኘኋቸው።

ስለ ኢትዮጵያና ሶማሊያ ጦርነት በየቤቱ የሚወሩ ሁለት ታሪኮች አሉ። አንደኛው ሶቪዬት ኅብረት ፊቷን አዞረች፣ ኩባ ወታደር ላከች፣ አለቀ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የአገር ፍቅርና ወኔ ሁሉን አደረገ ይላል። የመጀመሪያው ገበሬውን፣ ሁለተኛው ዓለምን ይረሳል። አብዮት ጦርነትን እንዴት ይለውጠዋል? «ገለልተኛ ነኝ» ያለ መንግሥትስ መቼና ለምን ይነቃነቃል? ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. ያሉት ወራት በአፍሪካ ካሉት ምሳሌዎች ሁሉ የሚበልጡ ይመስለኛል።

ጥያቄው ለዚህ መንገድ አዲስ አይደለም። ወደ 1909 ዓ.ም. መለስ ብንል፣ ያ ዓመት የዓለም ጦርነት ሚዛን የተናጋበት ዓመት ነው። መጋቢት 6 የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላይ በሕዝብ አመፅ ዙፋኑን ለቀቀ፤ መጋቢት 28 ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ከዳር ቆማ የነበረችው አሜሪካ በጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች። አንዲት ታላቅ አገር በአብዮት ስትዳከም ሌላዋ ገለልተኝነቷን ጥላ ስትገባ፣ ከሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር። በዚያው በ1909 መባቻ የእኛም አገር ገለልተኝነት ዋጋ አስከፍሎ ነበር። አገሪቱን ይገዛ የነበረው ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክ ያዘነበለ መስሎ የታያቸው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች አቤቱታቸውን አቀረቡ፤ መስከረም 17 ኢያሱ ከሥልጣን ተሻረ፤ ጥቅምት 17 አባቱ ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ሸዋ ወርደው ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ከሰገሌ ያልተመለሱት ሰዎች እናቶች ያለቀሱት በወሎ ነው። ሦስቱን መንግሥታት ያስጨነቃቸው የኢያሱ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። ከምፅዋ እስከ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ እስከ በርበራ የተዘረጋው የባሕር ዳርቻ ነበር። ከስድሳ ዓመት በኋላም ያው ዳርቻ፣ ያው በርበራ ሌሎች ኃያላንን እንቅልፍ ነሳቸው።

የ1966ቱ አብዮት የተጫረው በብዙ ቦታ ነው፤ በነገሌ ሰፈር፣ በታክሲ ነጂዎች፣ በመምህራን። ማገዶው ግን የወሎ ረሃብ ነበር። በ1965 ከቀያቸው የተፈናቀሉ ሰዎች በዚሁ በአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ ዳር ተሰልፈው እጃቸውን ለመኪና ይዘረጉ ነበር። ሰንበቴ ያኔ በሸዋ ሥር፣ በይፋትና ጥሙጋ አውራጃ ነበረች፤ ረሃቡ ግን የአስተዳደር ድንበር አላወቀም። ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሃቡ የሠራው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በቴሌቪዥን የታየው ለአዲስ አበባ ሰው ነው። የመንገዱ ዳር ሰው ፊልም አላስፈለገውም።

የከሚሴና የሰንበቴ ሰው ከዚያ ዓመት አንድ ሌላ ነገርም ያስታውሳል። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የእኩልነት ጥያቄ ይዘው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጡ፤ ከጎናቸውም ክርስቲያኖች ተሰለፉ። በ1967 ኢድ፣ አረፋና መውሊድ የመንግሥት በዓላት ሆኑ። ወደዚህ ጉዳይ በኋላ እመለሳለሁ፤ በጦርነቱ ውስጥ የነበረው ቦታ ከሚነገርለት ይበልጣልና።

ከዚያ የካቲት 25 ቀን 1967 መጣ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ ጣሪያው 10 ሄክታር ሆነ። ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለት 20 ጋሻ ያለው አካባቢ የራሱን የገበሬ ማኅበር እንዲያቋቁም ተፈቀደ። አዋጁ አዲስ አበባ ላይ በወረቀት ተጻፈ፤ ሥራውን የሠራው ግን በየቀበሌው የተዘረጋው ገመድ ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት ወደ ገበሬው የሚመጣው ሊወስድ ነበር። አሁን ስሙን መዝግቦ፣ ማኅበር አደራጅቶ፣ ጠብመንጃ የሚይዝ የማኅበር ዘብ አቋቁሞ ቀረበው። ከአብዮቱ ውጤቶች ሁሉ ለጦርነቱ ይህ መዝገብ ዋነኛው ሆነ። ማን የት እንዳለ፣ ስንት ወንድ ልጅ እንዳለው በስም የሚታወቅበት አገር ከዚያ በፊት አልነበረንም።

አብዮት ግን አንድ ፊት ብቻ የለውም። ያው አብዮት ጦሩን አናጋው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስልሳ ባለሥልጣናት ሲረሸኑ ከመካከላቸው ጄኔራሎች ነበሩ፤ ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶምም በዚያው ሌሊት ተገደሉ። በኤርትራ ጦርነቱ እየከፋ ሄደ። በከተማ ኢሕአፓና መኢሶን የተባሉት የግራ ድርጅቶች በአብዮቱ አካሄድ ተፋጅተው፣ መንገዱ በወጣት ሬሳ ተሞላ። ጥር 26 ቀን 1969 የወታደራዊው መንግሥት፣ የደርጉ፣ ሊቀ መንበር ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገድለው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ብቻቸውን ወጡ። ከሞቃዲሾ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይህች አገር ልትፈርስ የቀረች ነበረች። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መፍረሱን አዩ፤ መደራጀቱን አላዩም። ከከተማው የሚሰማው ተኩስ የገጠሩን መዝገብ ሸፈነባቸው።

እውነቱን ለመናገር መንግሥትም ያንን የገጠር ኃይል እንዴት እንደሚጠቀምበት መጀመሪያ አላወቀም ነበር። በ1968 የወሎን፣ የትግራይን፣ የጎንደርንና የሸዋን ገበሬ በብዛት ሰብስቦ በራዛ ዘመቻ ወደ ኤርትራ ሊያዘምተው ሞከረ። ገበሬው ሳይሠለጥን፣ በቂ መሣሪያ ሳይይዝ ሄደ፤ ገና ከድንበሩ ሳይርቅ ተመትቶ ተበተነ። ከወሎ የሄዱት በየመንደራቸው የተመለሱት በእፍረትና በቁስል ነው። ስለ ራዛ ብዙ አይወራም፤ እኔ ግን የካራማራ ታሪክ ያለ ራዛ አይሟላም እላለሁ። በ1969 የፀደይ ወራት የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ያው ገበሬ እንደገና ተጠራ። አሁን ግን ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ታጠቅ ላይ ለጥቂት ወራት እንዲሠለጥን ተደረገ። ሰኔ 18 ቀን 1969 አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ሲያሳይ የከተማው ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው።

ሽማግሌው ስለ ታጠቅ ሲያወሩ ደስታም ምሬትም የለባቸውም። መሬት የሰጣቸው መንግሥት ሲጠራ እምቢ ማለት እንደ ነውር ነበር። በዚያው አፋቸው ደግሞ እምቢ ያለ ሰው መሬቱን እንደሚነጠቅ ሁሉም ያውቅ እንደነበር አከሉልኝ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የተሰጠውን ኮታ መሙላት ነበረበት። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የሄደ አለ፤ ብዙው ሁለቱንም ነበር። የወኔውን ታሪክ ብቻ ለሚያወራ ሰው ይህን ማስታወስ ግዴታዬ ነው።

የሶማሊያ መደበኛ ጦር በሐምሌ 1969 በሙሉ ኃይሉ ድንበር ጥሶ ገባ። ጎዴ ወደቀች። በነሐሴ ድሬዳዋ ላይ ታንክ አስከትሎ መጣ፤ እዚያ ተመለሰ። መስከረም 1970 ሲገባ የአብዮቱ ሦስተኛ ዓመት በሚከበርበት ሳምንት ጅጅጋ ተያዘች። ጅጅጋን ለቀው የወጡት ወታደሮች የሸሹት ተሸንፈው ብቻ አይደለም፤ ከአለቆቻቸው ጋር ተጣልተው ነው። ሚሊሺያውም በጥቂት ወራት ሥልጠና ታንክ ፊት ሲቆም የሸሸበት ጊዜ የለም አይባልም። በሰማይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በአሜሪካ የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች በአሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5 አውሮፕላኖች ሶቪዬት ያስታጠቀችውን የሶማሊያ አየር ኃይል አሸነፉት። ከአብራሪዎቹ አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላኑ ተመትታ ተማረከና 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዲህ አለፉ። ሐረርና ድሬዳዋ የቆሙት በእነዚህ አብራሪዎችና በሚሊሺያው ደም ነው። የሶቪዬት መሣሪያ ከዚያ በፊት መግባት የጀመረ ቢሆንም፣ ትልቁ የአየር ድልድይ የተዘረጋው በኅዳር 1970 ነው። እስከዚያ ሐረር ወድቃ ቢሆን ኖሮ የሚያርፍበት ቦታ፣ የሚደግፈውም መንግሥት ይኖር ነበር ብዬ አላምንም።

አሁን ወደ ገለልተኞቹ ልምጣ።

አሜሪካ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር የመከላከያ ስምምነት ነበራት፤ በምላሹ ያገኘችውም አሥመራ ያለው የቃኘው የመገናኛ ጣቢያ ነበር። ሳተላይት ሲመጣ ቃኘው ዋጋው ቀነሰ፤ የኢትዮጵያም ወዳጅነት አብሮ ረከሰ። በየካቲት 1969 ፕሬዚዳንት ካርተር በሰብዓዊ መብት ምክንያት ዕርዳታ ቀነሱ። ሚያዝያ 15 ደርግ ቃኘውንና ሌሎች የአሜሪካ ቢሮዎችን ዘጋ። በሐምሌ ዋሽንግተን ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት በመርህ ደረጃ ዝግጁ ነኝ አለች፤ የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን ውስጥ መሆኑ ሲረጋገጥ ግን ቃሏን አጥፍታ ለሁለቱም አልሰጥም አለች። ይህ ገለልተኝነት ይመስላል። ኢትዮጵያ ገንዘብ የከፈለችበት መሣሪያም ተይዞ ቀርቷልና፣ በጦር ሜዳ ላለው ሰው ገለልተኝነቱ የተቆለፈ መጋዘን ነበር።

ሶቪዬት ኅብረት ደግሞ ከሁሉም ትገርማለች። በ1966 ከሶማሊያ ጋር የወዳጅነት ውል ፈርማ፣ በርበራን እየተጠቀመች፣ አማካሪዎቿ በሞቃዲሾ እያሉ፣ በታኅሣሥ 1969 ከኢትዮጵያ ጋር የመሣሪያ ስምምነት አደረገች። ሁለቱንም ልትይዝ አሰበች። መጋቢት 7 ቀን 1969 ፊደል ካስትሮ መንግሥቱንና ዚያድ ባሬን ኤደን ላይ ቁጭ አድርገው የሶሻሊስት ፌዴሬሽን ሐሳብ አቀረቡ፤ ዚያድ ባሬ አልተቀበሉትም። ከዚያ በኋላ ሞስኮ እያመነታች ከሰነበተች ወዲያ በጥቅምት 1970 ለሶማሊያ መሣሪያ ማቆሟ ተገለጸ። ኅዳር 4 ሶማሊያ ውሉን ቀደደች፤ ሶቪዬቶችን አባረረች። በዚያው ወር ግዙፎቹ ማመላለሻ አውሮፕላኖች ወደ አዲስ አበባ መብረር ጀመሩ፤ የሶቪዬቱ ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ መጡ፤ ኩባውያኑ በጄኔራል አርናልዶ ኦቾአ እየተመሩ ከአሥር ሺህ በላይ ሆነው ገቡ፤ ከደቡብ የመንም ወታደሮች መጡ።

ሞስኮን ያነቃነቃት ርዕዮተ ዓለም ብቻ ነው የሚለውን አልቀበልም። ኢትዮጵያ በሕዝብ ብዛት ሶማሊያን በብዙ እጥፍ ትበልጣለች፤ አሰብና ምፅዋ ነበሯት። ይህ ግን ሁልጊዜም የነበረ ነገር ነው። በ1969 እና በ1970 መካከል የተለወጠው ይህች አገር ራሷን ማቆም መቻሏ ነው። የሚያመነታ ኃያል አገር ተሸናፊን አይገዛም። ድሬዳዋ በነሐሴ ባትመለስ፣ ሐረር በጥቅምት ባትቆም የኅዳሩ አውሮፕላን የሚነሳ አይመስለኝም።

ሌሎቹም ገለልተኞች የየራሳቸውን ሂሳብ ያሰሉ ነበር። እስራኤል ከ1966 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት አልነበራትም፤ ሆኖም ለደርግ በስውር መለዋወጫና መሣሪያ ትልክ ነበር። በጥር 1970 መጨረሻ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሞሼ ዳያን አደባባይ ሲናገሩት ይህ የስውር ግንኙነት ተቋረጠ። ኬንያ የምዕራቡ ዓለም ወዳጅ ሆና ሳለ ከኮሚኒስቷ ኢትዮጵያ ጋር ቆመች፤ የታላቋ ሶማሊያ ካርታ የእሷንም ሰሜን ምሥራቅ ይጨምር ነበርና። በየካቲት 1970 ወደ ሶማሊያ ጥይት የጫነ የግብፅ አውሮፕላን ናይሮቢ ላይ እንዲያርፍ አስገደደች። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ሐምሌ 1956 ካይሮ ላይ ቅኝ ገዢዎች የተዉት ድንበር ይከበር ብሎ ወስኖ ስለነበር፣ ከዳር ቆሞ ሳለ የኢትዮጵያን ጎን ያዘ።

ወደ ሙስሊሞቹ ጉዳይ ልመለስ። ግብፅና ሳውዲ አረቢያ ከሶማሊያ ጎን ሲቆሙ፣ ሬዲዮ ሞቃዲሾም በአማርኛና በኦሮምኛ ወደዚህ ሲያሰራጭ፣ ጦርነቱ የሙስሊምና የክርስቲያን መስሎ እንዲታይ የሚፈልግ ብዙ ነበር። የወሎና የይፋት ሙስሊም ገበሬ ግን ሌላ ሂሳብ ነበረው። መሬቱ በስሙ ተለክቷል፤ በዓሉ የአገር በዓል ሆኗል። ይህ ሁሉ ከሦስት ዓመት በፊት አልነበረም። ከከሚሴ ተነስቶ በታጠቅ አልፎ ካራማራ ላይ የወደቀ ሙስሊም ገበሬ ስለ እምነቱ ሲጠየቅ መልሱን ሰጥቶ ነው የሄደው። ስለ ካራማራ ሲጻፍ ይህ ስለማይጻፍ ያንገበግበኛል።

ኦጋዴን ላይ ግን ገለልተኛ መሆን ያልተፈቀደለት ሕዝብ ነበር። የሶማሌ ከብት አርቢው በአንድ ወገን በምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባር፣ በሌላ ወገን በመንግሥት ተጠርጥሮ፣ ጉድጓዱ የጦር ሜዳ ሆነበት። በባሌና በሐረርጌ ከግንባሩ ጋር የወገነ ኦሮሞም ነበር፤ እሱም ለመሬቱና ለክብሩ የራሱ የቆየ በደል ነበረው። ጦርነቱ ሲያበቃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ።

መልሶ ማጥቃቱ በጥር መጨረሻ ተጀመረ። የኢትዮጵያና የኩባ ጦር የካራማራን በር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በአሕመር ተራሮች ዞረው ከኋላ መጡ፤ ሄሊኮፕተሮች ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ተሸክመው ተራራውን አሻገሩ። የካቲት 26 ቀን 1970 ጅጅጋ ተመለሰች። የካቲት 30 ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ አስታወቁ። ሞስኮ ለዋሽንግተን ኢትዮጵያ ድንበር እንደማትሻገር አረጋግጣ ስለነበር ጦሩ ድንበሩ ላይ ቆመ። ጦርነቱ የት እንደሚያበቃም የተወሰነው በገበሬው እጅ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ታሪክ ስለምወድ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት በዚሁ መንገድ ከሚሴ ድረስ ወርዶ ነበር። አንድ ነጋዴ ለማን እንደሸጠ፣ አንድ አርሶ አደር ለማን ውሃ እንዳቀበለ የተጠየቀበትን ጊዜ የዚህ አካባቢ ሰው ገና አልረሳውም። ገለልተኝነት ለአገርም ለሰውም ጉልበት ሲኖር ይያዛል፤ ጉልበት ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱም ወገን ይከስስበታል።

የኦጋዴኑ ድል ሐውልት ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ይገኛል፤ «ትግላችን» ይባላል። የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መታሰቢያ ሲሆን፣ የተመረቀው በመስከረም 1977፣ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ነው። በዚያ መስከረም የደሴ መንገድ ዳር እንደ 1965ቱ እንደገና በተራበ ሰው ተሞልቶ ነበር። ዓለም የኮረምን ስደተኞች በቴሌቪዥን ያየው ከአንድ ወር በኋላ በጥቅምት ነው።

ሽማግሌውም በዚያ ዓመት በሬያቸውን ነድተው እዚሁ ሰንበቴ ገበያ አወጡ። በገመድ የተለካችው መሬታቸው እዚያው ነበረች፤ ዝናብ ግን አልነበረም። ስንት እንደሸጡት ጠየቅኳቸው። ገመዱን እያጠቀለሉ ነገሩኝ፤ አንድ ኩንታል ማሽላ አይገዛም ነበር።